ለ40 ዶሮ ማን ጠርሙስ ይከፍታል?

ሰበታ ዳር የምትኖር አንዲት እናት የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ 40 ቄብና ኮርማ ዶሮ ገዛች። 45 ቀን የሞላቸው፣ ማሞቂያ የማይፈልጉ ናቸው። ስሌቷ ግልጽ ነበር፦ ጾሙ 55 ቀን ነው። ለፋሲካ 100 ቀን ይሞላቸዋል፣ ለገበያ ይደርሳሉ። ገንዘቡ ደግሞ የደረሳት እቁብ ነው፤ ገና ብዙ ወር ትከፍልበታለች።

ክትባቱን ግን ተወችው። ንቃ አይደለም። የፈንግል ክትባት የሚታሸገው ለብዙ ዶሮ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቆይም። ለ40 ዶሮ ጠርሙስ ከፍቶ የቀረውን መድፋት ብር መድፋት መሰላት።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዷ ዶሮ አንገቷ ተጣመመ። አረንጓዴ ኩስ ታየ። በነጋታው ስድስት ሞቱ። ፈንግል አንዴ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ጎረቤቷ ወጣት ማታ መጣ። «እትዬ፣ የቀሩትን ሳይሞቱብዎ ነገ ገበያ ያውጧቸው። ማን ያውቃል?»

ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ሰፈሩ የሚያደርገውን ነው የነገራት። እሷም ሌሊቱን ሙሉ አሰበችበት። ጠዋት ግን «የሚገዛኝም ሰው እኮ ቤቱ ዶሮ ይኖረዋል» አለችው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈንግል ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው በአብዛኛው በእኛው እጅ ነው፤ በገበያ፣ በቅርጫት፣ በጫማ። የታመመ ዶሮ ቶሎ መሸጥ ከኪሳራ መዳን ይመስላል። ኪሳራውን ግን እንደ እኛው ላለ ደሃ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሰባት ብቻ ተረፉላት። የሞቱትን ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረች። እቁቡን የሰው ልብስ እያጠበች ከፈለች።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና 30 ገዛች። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድማ የጎረቤት በር አንኳኳች። አንዱ ቤት 10፣ ሌላው 18፣ ሦስተኛው 35 ዶሮ ተገኘ። ከእሷ ጋር 93። ለ100 ዶሮ የሚሆን አንድ ጠርሙስ አዋጥተው ገዙ፣ በአንድ ጠዋት ጨረሱት። ያ «ገበያ ያውጧቸው» ያለው ልጅም ዶሮውን አቅፎ ወረፋ ይዞ ነበር።

ዶሮ ለማርባት ያሰባችሁ፣ ስለ መኖና ስለ ትርፍ ብዙ ትሰማላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የጎረቤታችሁንም ዶሮ ቁጠሩ።