ፎቶ ያልተነሣው እግር

ሰበታ ውስጥ ብረት በያጅ የሆነ አንድ ወጣት ማታ ማታ ስልኩ ላይ ደጋግሞ የሚያየው አንድ ፎቶ ነበረው። የሁለት እግር ፎቶ ነው። መደቡ ነጭ፣ እግሮቹ እንደ ጥላ የፈዘዙ። በአንደኛው እግር ውስጥ ከታች እስከ ብሽሽት ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። በሌላኛው መስመሩ የለም፤ ቀለም የተደፋበት ጨርቅ የመሰለ ጭጋግ ብቻ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ የተረዳው ግማሹን ነው። ግማሹ ግን በቃው። ያበጠ እግር ከውስጥ የሚታይበት ማሽን አለ ማለት ነው።

እናቱ ከሃያ ዓመት በላይ እግራቸው አብጧል። ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ሰበታ ሲመጡ እግሩን ይዘውት ነው የመጡት። ልጁ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቱ ጓዳ ይገባሉ፤ ለቅሶ ቤት ከሰው ሁሉ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ መሬት ይጠርጋል። በወር ሁለት ሦስቴ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይላቸውና ለቀናት ከአልጋ አይነሡም። ሰፈሩ «ምች ነው» ይላል። የአገር ቤቱ ሰው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው የሚለው።

ልጁ የእቁቡን ዳኛ ለምኖ ዕጣው ቀድሞ እንዲወጣለት አደረገ። ለመጋዣ የተቆጠበ ገንዘብ ነበር። እናቱን ይዞ በአለም ገና፣ በአየር ጤና አድርጎ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ሁለቱም እግርዎ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ግራው ይብሳል።»

«ከየት ጀመረ?»

«ከጣቶቼ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ጉልበቴን አላለፈም።»

«አገር ቤት ጫማ ያደርጉ ነበር?»

እማማ ሳቁ። በዚያ ዘመን ጫማ ለበዓል ነው፤ እሱም ለአባወራው።

ሐኪሙ እግሩን ነካ፣ ጣቶቹን ከፈት ከፈት አድርጎ አየ፣ በጣት ደም ለዝሆኔ ትል የሚደረገውን ፈጣን ምርመራ አዘዘ፤ ነጻ ሆነ። ከዚያ በሳሙና ስለ መታጠብ ማውራት ጀመረ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሲያሳየው ሐኪሙ አየት አድርጎ መለሰለትና «ይኼ ለእናትህ አያስፈልግም» አለ። በቃ። ከውጭ ወረፋው በር እየገፋ ነበር።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ልጁ አልተናገረም። ወለቴ ሲደርሱ ግን «ሀብታም ብንሆን ያዝልን ነበር» አለ።

ይህን ጥርጣሬ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በዚህ አገር «አያስፈልግም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «የለም»፣ «ተበላሽቷል» ወይም «ከአቅማችሁ በላይ ነው» ማለት ሆኖ ያውቃል። ሰው ልዩነቱን በምን ይለይ? ሐኪሙ ትክክል ነበር። ግን ትክክል የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳበት አምስት ደቂቃ አልነበረውም፤ ያ አምስት ደቂቃ ደግሞ የሕክምናው ግማሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም በሰውነት ሲዘዋወር ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ትንሽ በትንሽ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ያንን ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ ቧንቧ ነው፤ ለሰውነት እንደ ጣሪያ አሸንዳ ማለት ነው። አሸንዳው ሲደፈን ውኃው ግድግዳውን ያበሰብሳል። ችግሩ ይህ ቧንቧ እንደ ደም ሥር በዓይን አለመታየቱ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ፈሳሹም ቀለም የለውም።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ኪንሞንዝ እ.ኤ.አ. በ1952 መላ ዘየደ። በእግር ጣቶች መካከል ሰማያዊ ቀለም ይወጋል፤ ቀለሙን ቧንቧው ይጠጣዋል፤ የእግሩ ጀርባ በትንሹ ተቀዶ ሰማያዊ የሆነው ቧንቧ ይፈለጋል፤ ከዚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መርፌ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በዝግታ ይገባበታል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ያማል፤ በኋላ የተለመደው ዘይታማ ፈሳሽ ደግሞ ሳንባ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ልጁ ስልኩ ላይ ያየው ፎቶ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በጣቶች መካከል የሚወጋው ቴክኒሺየም የሚባል ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ልዩ ካሜራ ጉዞውን ይከተላል። ጤነኛ እግር በአንድ ሰዓት ገደማ ብሽሽት ላይ ላሉት ንፍፊቶች ያደርሰዋል። የታመመ እግር ያዘገየዋል ወይም ወደ ቆዳ ይበትነዋል፤ ያ ጭጋግ ይኸው ነው። ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ውስጥ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚመነጭበት ሞሊብዲነም ራሱ በ66 ሰዓት ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ አይከማችም፤ የአቶሚክ ማብላያ የሌለው አገር በየጊዜው ከውጭ ማስመጣት አለበት። በረራ ከቀረ ምርመራው ቀረ።

ታዲያ ማን ነው ይህ የሚያስፈልገው? ምክንያቱ ሳይታወቅ አንድ እግሯ ያበጠ ልጃገረድ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ክንዷ ያበጠ ሴት። የተደፈነውን የሊምፍ ቧንቧ ከደም ሥር ጋር ሊያገናኝ የተዘጋጀ ቀዶ ሐኪም። በእነዚህ ዘንድ ፎቶው ውሳኔ ይለውጣል። የእማማን ግን የትኛውንም ውሳኔ አይለውጥም።

የእሳቸው በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በትንኝ ተላልፎ በትል የሚመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ እሱ የቆላ ነው። ይህኛው ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማይለየው፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ቀይ አፈር ያለበት አገር በሽታ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ አልፎ የሊምፍ ቧንቧውን ዓመት በዓመት ያቆስለዋል። ስሙን ያወጣለት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ በግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የሚሉትን ቃላት አጋጥሞ ነው። ፕራይስ ከሕሙማን ንፍፊት ውስጥ የአፈር ብናኝ አግኝቷል። ከእሱ በፊት ደግሞ ኡመን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ገበያዎች እየዞረ ያበጠ እግር ይቆጥር ነበር። ገበያ ቆሞ የሚቆጠር በሽታ! ካሜራ ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ነው ያሳየው።

ዛሬ በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። ይህን ሁሉ ሰው ካሜራ ሥር ማስተኛት የሚታሰብ አይደለም፤ ቢቻል እንኳ ከካሜራው ሲነሣ የሚነገረው ያው ነው፦ እግርህን ታጠብ፣ አድርቅ፣ ቅባት ቀባ፣ ስትቀመጥ ከፍ አድርግ፣ ጫማ አድርግ።

ይህ ደግሞ ከአፍ የወጣ ምክር ብቻ አይደለም። በእማማ አገር በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ በትኩሳቱ ሲወድቁ፣ ገና ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ወድቀዋል። ተአምር አይደለም። ሳሙና ያበጠውን እግር የልጅነት እግር አያደርገውም፤ እንደዚያ ብሎ የሚሸጥ ካለ ይዋሻል። ግን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ፣ ጉልት ለምትቸረችር ሴት ምን ማለት እንደሆነ ራሷን መጠየቅ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ የሰማው ቆይቶ ነው፤ ብቻውን ወደ ሐኪሙ ተመልሶ። ያን ዕለት ወረፋው ቀለል ብሎ ነበር። እዚያ ነው እውነተኛው ጉዳይ የወጣው።

ፎቶውን የፈለገው ለእናቱ ብቻ አልነበረም። የሚወዳት ልጅ አለች። ሽማግሌ ልኮ «ቤታቸው ውስጥ በዘር የሚሄድ ነገር አለ አሉ» ተብሎ ተመልሶበታል። ፎቶውን አትሞ፣ የሐኪም ማኅተም አስመትቶ፣ «ይኸው፣ የተደፈነ ቧንቧ ነው እንጂ እርግማን አይደለም» ሊላቸው ነበር ያሰበው። በእናቱ እግር ውስጥ ለገዛ ጋብቻው ምስክር ሲፈልግ ነበር።

ሐኪሙ አልዋሸውም። ውሸት በቀለለው ነበር። «በዘር የሚለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም» አለው። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የአንዳንድ ሰው ሰውነት ለዚህ አፈር ይበልጥ ስስ የሆነበትን የዘር መነሻ አሳይቷል። «ስስነቱን ወርሰህ ሊሆን ይችላል። ግን አፈሩ ካልነካህ ስስነቱ ብቻውን እግር አያሳብጥም። አንተ ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ ጫማ አድርገህ ነው ያደግከው። ልጆችህም ያደርጋሉ።»

ይህን የትኛውም ካሜራ አያነሣውም። ጫማ ያደረገ እግር ላይ የሚታይ ነገር የለማ።

የእቁቡ ገንዘብ ተረፈ። መጋዣው ተገዛ። ከቅሪቱ ሰፊ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን ተገዛ፤ የበረኪናውን መጠን ሐኪሙ ጽፎ ሰጥቶታል። ልጁ ከቁርጥራጭ ብረት የእግር ማሳረፊያ በየደ፤ አንደኛው ቋሚ አጥሮበት እንደገና ሠራው። የአንድ ጫማ ሰፊ ነገር ነው ያስቸገረው። ሱቅ ውስጥ ለእማማ እግር የሚሆን የለም፤ ሰፊው ደግሞ እግሩን በገመድ ለመለካት ተጸየፈ። ሌላ ሰፊ ተገኘ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ አፍንጫቸውን ሳይነኩ ለኩ።

በሦስተኛው ወር ሽታው ጠፋ። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ መጥቶ በሁለት ቀን ተመለሰ። እብጠቱ በትንሹ ቀንሷል፤ ጫማው መጀመሪያ ከጠበቀበት ላይ ላላ ስላለ ታወቀ።

እማማ አንድ ማታ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ እንደነከሩ ያንን ፎቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይቺ መስመር የሌላት ነች የኔ?» አሉ።

«የአንቺ አይደለም እማዬ፤ የሌላ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ይመስላል።»

«እባብ የለበትም» አሉና ስልኩን መለሱለት። አገር ቤት የነገሯቸው የእባብ አጥንት ረግጠሻል ብለው ነበር።

የልጅቷ አጎት ለእሑድ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። እማማ ጓዳ ልግባ ወይስ ሳሎን ልቀመጥ ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ልጁ የእግር ማሳረፊያውን ከአልጋው አጠገብ አንሥቶ ሳሎን፣ በሩ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ሥር አስቀምጦታል።