የፋልማውዝ ጀልባዎችና የሸራቸው መጠቅለያ

ባሕርን ከካርታ በቀር ላላየ አንባቢ የባለ ሸራ ጀልባ ነገር እንደ ተረት ሊርቅበት ይችላል። ሆኖም ከሎንዶን ተነሥተው አምስት ሰዓት ያህል በባቡር ወደ ምዕራብ ቢጓዙ፥ ትሩሮ ላይም ወርደው ትንሹን ባቡር ቢይዙ፥ የእንግሊዝ ምድር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፋልማውዝ ከሚባለው ወደብ ይደርሳሉ።

በወደቡ አፍ ግራና ቀኝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1540ዎቹ ዓመታት ያሠሯቸው የፔንዴኒስና የሴንት ሞስ ምሽጎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የተባለው መርከበኛም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጁን 1968 ከዚሁ ወደብ ተነሥቶ፥ ዐሥር ሜትር በማትሞላ ጀልባ ዓለምን ብቻውን ሳያርፍ ዞሮ በኤፕሪል 1969 ተመልሷል፤ ይህን በመፈጸም የመጀመሪያው ሰው ነው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በአንድ የጀልባ መጠገኛ ግቢ ያየሁት ሥራ ነው። ለመረዳት እንዲቀልልዎ አስቀድሜ ስለ ፊት ሸራ ልንገርዎ። ይህ ሸራ የሚወጠረው ከደቀሉ ጫፍ እስከ ጀልባው አፍንጫ በተዘረጋ የሽቦ ገመድ ላይ ነው። ነፋስ ሲበረታ ሸራው መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ጀልባዋ በአንድ ጐኗ ትተኛና መሪዋ አልታዘዝ ይላል። በቀድሞው ዘዴ አንድ ሰው እየዳኸ ወደ አፍንጫዋ ይሄድና፥ ማዕበል እየነከረው ትልቁን ሸራ አውርዶ ትንሹን ይሰቅላል። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ባሕር የወሰደው ሰው ጥቂት አይደለም።

ዛሬ በብዙ ጀልባዎች ላይ ሽቦው ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ይለብሳል። ከታች ከበሮ የመሰለ መጠምጠሚያ፥ ከላይ ደግሞ የሚሽከረከር ቀለበት አለ፤ ሁለቱም በኩሽኔታ ይዞራሉ። ሸራው ሲዘረጋ ቀጭን ገመድ በከበሮው ላይ ይጠመጠማል። ባለ ጀልባው ከኋላ ተቀምጦ ያንን ገመድ ሲስብ ቱቦው ይዞርና ሸራው እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፤ ለመካከለኛ ነፋስ እኩሌታውን፥ ለወጀብ ሁሉንም። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በዚህ መሣሪያ የታመነ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ትንሽ የፊት ሸራ ይዞ አይወጣም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ያረጀ መጠቅለያ ጭራሽ ካለመኖሩ የከፋ ነው።

ያየኋት ጀልባ ስምንት ሜትር ያህል ትረዝማለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ ሆኑ ወሬያችን ቶሎ ገጠመ። ገመዱን አስይዘውኝ «እስቲ ሳበው» አሉኝ። ብስበው ከበሮው አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ተንገጫግጮ ቆመ። ኩሽኔታውን ጨው በልቶታል። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በጨው ውኃ ሲነካኩ ደካማው ይበላልና፥ የማይዝገው ቡሎን አሉሚኒየሙን በነካበት ስፍራ ሁሉ እንደ ዱቄት የነጣ ዝገት ወጥቷል። ቱቦው ሲወልቅ ደግሞ ሽቦው ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ሁለት ክሩ ተበጥሶ ተገኘ። ደቀሉን ከፊት ይዞ የሚያቆመው ይኸው ሽቦ ነው፤ ቢበጠስ ደቀሉ ወደ ኋላ በተሳፋሪዎቹ ላይ ይወርዳል።

ምክንያቱን ሠራተኛው አሳየን። ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ገመድ ከሽቦው ጋራ እጅግ ተጠጋግቶ ስለሚወጣ፥ ቱቦው በዞረ ቍጥር ዐብሮ ይጠመጠም ነበር። መምህሩም ከበሮው እምቢ ሲላቸው በመዘውር ኀይል ይስቡት ኖሯል። ይህ ሽቦውን እንደ እርጥብ ልብስ መጠምዘዝ ነው።

ለውጡ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጀመሪያ ደቀሉ እንዳይወድቅ ሌላ ጠንካራ ገመድ ከጫፉ እስከ አፍንጫው ተወጠረ፤ ከዚያም ሠራተኛው በወንበር ወደ ላይ ተስቦ የሽቦውን መያዣ ፈታ። አሮጌው መሬት ላይ ተጋድሞ ርዝመቱ ሲለካ ሦስት ጊዜ ቈጠርሁ፤ ቱቦው አንዴ በአጭሩ ከተቈረጠ አይረዝምምና። አዲሱ ሽቦ ውስጥ፥ የቱቦው ቍራጮች ላዩ ላይ እየተቀጣጠሉ ሁሉም ባንድነት ተሰቀለ። የመስቀያው ገመድም ከሽቦው ጥቂት ፈንጠር ብሎ እንዲሄድ በደቀሉ ላይ ማሳለፊያ ቀለበት ተገጠመለት። ይህች ትንሽ ቀለበት ባትጨመር ኖሮ አዲሱም መሣሪያ በአሮጌው መንገድ በጠፋ ነበር። ዋጋውን ብጠይቅ፥ መምህሩ ፈገግ ብለው «ጀልባዋን የገዛሁበትን እኩሌታ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ካሪክ ሮድስ ወደሚባለው ሰፊ የባሕር ክንድ ለሙከራ ወጣን። ነፋሱ ሲጠነክር መምህሩ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በአንድ እጃቸው ሦስት ዙር ጠቀለሉ፤ ጀልባዋም ቀና አለች። በዚያው ውኃ ላይ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ የእንጨት ጀልባዎች በሸራ ብቻ ይመላለሱ ነበር። መረባቸውን በሞተር መጐተት በደንብ ተከልክሏል። ደንቡ ለትዝታ ሲባል የቆየ አይምሰልዎ፤ ሞተር ቢፈቀድ ኦይስተሩ ባጭር ጊዜ ተጠርጎ ያልቃል።

የአጥማጆቹ ወራት ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው። ሊያዩአቸው ቢፈልጉ በሥራ ቀን ጧት ከፔንዴኒስ ኮረብታ ላይ ይቁሙ፤ ወፍራም ካፖርትም አይርሱ።