ማን ጠየቀኝ?

አረጋውያን እናቶች እርጅናን እንዴት እንደሚኖሩት በመጠይቅ ወረቀት ብቻ አይታወቅም። ይህን የተማርነው ከገዛ ቤታችን ነው።

ባለፈው ረመዷን ደሴ ያሉትን አያታችንን ልንዘይር ሄድን። በመድረሳም በዘመናዊ ትምህርትም ስላለፍን መጠየቅ የምናውቅበት መስሎን ነበር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው? ምን ያምዎታል?» ብለን ጀመርን። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መወለዳቸውን እንጂ ዓመቱን አያውቁትም። «ጉልበቴን ነው፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው ዝም አሉ።

ወረቀቱን አጠፍንና «እስቲ ከልጅነትዎ ጀምረው ያጫውቱን» አልናቸው። በጥናት ዓለም የሕይወት ታሪክ ዘዴ የሚባለው ይኸው ነው፤ ባለታሪኩ ይመራል፣ ጠያቂው ይከተላል። ከዙህር እስከ ዐስር አጫወቱን። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ላይ ሲደርሱ አንድ ሕፃን ልጅ መቅበራቸውን ነገሩን። በቤታችን ስሙ ተነስቶ አያውቅም!

«ያኔ የቀሩትን ለማብላት ስሮጥ የማለቅሰበት ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ሌሊት እንቅልፍ ሲርቀኝ ትዝ ይለኛል፤ ዱዓ አደርጋለሁ» አሉ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አፈርን። መድኃኒት ገዝተን፣ ገንዘብ ልከን ሐቃቸውን የተወጣን መስሎን ነበር። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ (17፡23) ላረጁ ወላጆች መልካም ንግግርን ያዛል። መልካም ንግግር ማዳመጥንም እንደሚሻ የገባን ያን ዕለት ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬውኑ ከእናቶቻችሁ ጎን ተቀመጡ። ስለ ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ስለኖሩት ዘመንም ጠይቋቸው። አላህ ለአያታችን ዓፊያውን ይስጥልን። አሚን።