የፍራንክፈርቷ አከራይ ደብዳቤ

ፍራንክፈርት ያረፍኩት እህቴ ቤት ነው። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ ጀርመናዊት ናቸው፤ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ታዲያ የቤቱ ማሞቂያ ሊታይ ሲል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደብዳቤ ጻፉ! ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለሙያ ይመጣል፤ ካልተመችዎ ሌላ ቀን ይንገሩኝ ይላል። አዲስ አበባ ቢሆን ከግቢው መሃል «አንቺ ልጅ፣ ነገ ሠራተኛ ይመጣል፣ ቁልፉን ተይልኝ!» ተብሎ አለቀ።

እህቴ ቤቱን ስትረከብም እንዲሁ ነበር። ዩበርጋበፕሮቶኮል የሚሉት የርክክብ ወረቀት አላቸው። ክፍል በክፍል አብረው እየዞሩ የግድግዳውን ጭረት፣ የቁልፉን ብዛት፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ጽፈው ሁለቱም ፈረሙ። ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ወጥ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ሴራሚክ መሰንጠቁ ሳይቀር ሰፍሯል። ስትወጣ ስለዚያ ሴራሚክ ማንም አይጠይቃትም። ተከራይ የሚያስይዘው ገንዘብ ቢበዛ የ3 ወር ካልትሚተ ነው፤ ማሞቂያና ውሃ ያልታሰበበት ባዶ ኪራይ ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የኪራይ ጭማሪው ነው። በጽሑፍ፣ ያውም ከነምክንያቱ! ብዙ ጊዜ ሚትሽፒገል የተባለው የከተማው የኪራይ ሰንጠረዥ ተጠቅሶ፣ የአካባቢው ዋጋ ይህ ነው ተብሎ ይብራራል። ተከራይ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ እስከ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ያስብበታል። እንዲህ ያለው ጭማሪ በ3 ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ፣ እንደ ፍራንክፈርት ቤት በጠፋበት ከተማ ደግሞ ከ15 በመቶ አያልፍም። እኛ ጋ ወሩ ሊያልቅ ሲል በር ላይ ቆመው «ኑሮው ተወደደ እኮ…» ሲሉ የተከራይ ሆድ እንዴት እንደሚባባ ታውቁታላችሁ። እርግጥ የአገራችን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲጸና፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። የገንዘቡና የልቀቁልኝ ነገር ሁሌም በወረቀት ቢሆን ምናለ!

የአገሬ ናፍቆትም ግን አለቀቀኝም። የአዲስ አበባዋ አከራዬ ለዘመን መለወጫ ድፎ ቆርሰው ይልኩልኛል፤ ድምፄ ከጠፋ ያንኳኳሉ። እህቴ ቡና ስታፈላ «እኚህን ከታች ያሉትን ሴትዮ እንጥራቸው» አልኳት። «በድንገት? ቆይ አስቀድሜ ልጻፍላቸው» አለች።

ጻፈችላቸው፤ መጡ። በረካውን ሳይጠጡ አልወረዱም። እህቴ በደብዳቤያቸው አንብባው በቅጡ ያልገባትን የሻጋታ ጉዳይም ያን ዕለት ጨረሱልን፤ ብድግ ብለው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ በክረምትም ቢሆን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ አየር ይግባ፣ የወጥ ቤቱ እንፋሎት ግድግዳው ላይ እንዳይተኛ አሉን።