ለካራቆሬ ቤት የሚሆን የስፒከር መቆሚያ

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በይፋት ምድር በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ 6.5 ገደማ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈራረሰች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። ካናዳዊው ካህንና የጂኦፊዚክስ ሊቅ ፒየር ጉዋን የዚያን ዓመት ተከታታይ ነውጦች አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አስፍረዋቸዋል።

እንዲህ ያለውን ነውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ከክፍሉ ወለል ጋር አይያያዝም። ከአለት በተነሣ ምሰሶ ላይ ይቀመጣል፤ በምሰሶውና በወለሉ መካከልም ክፍተት ይተዋል። አለበለዚያ በክፍሉ የሚመላለስ ሰው እርምጃ ከምድሩ ንዝረት ጋር ይደባለቅበታል።

የቤት ስፒከር ጉዳይ የዚሁ ግልባጭ ነው። ቤዙ ሲመታ ሳጥኑ ይርገበገባል፤ ሳጥኑ ወለሉን፣ ወለሉ ደግሞ ቁምሳጥኑንና መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ጠርቶ መሰማት የነበረበት ከበሮ ይደበዝዛል። ጣውላ ወለል ላይ ይህን ለማወቅ መዳፍን ማሳረፍ ይበቃል። አፈር ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ሲሆን ኮንክሪቱ ንዝረቱን ታች ላለው ጎረቤት ያደርሳል።

ብዙዎች ከስፒከሩ ሥር ሹል የብረት እግር ያደርጋሉ። ሹል እግር ስፒከሩን ያጸናዋል እንጂ ንዝረቱን አያስቀርም።

የሚያስቀረው በስፒከሩ ክብደት ልክ የሚሰምጥ ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ነው። 4 ሚሊሜትር የሰመጠ ስፕሪንግ የራሱ ንዝረት በሰከንድ 8 ጊዜ ገደማ ነው። የ50 ኸርዝ ቤዝ ከዚያ እጅግ ስለሚርቅ ወደ ወለሉ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሲጫኑት ጨርሶ የማይሰምጥ ጎማ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የይፋት ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከቅርብ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤትን የሚያናውጠው በአብዛኛው በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ጊዜ በሚደርስ ንዝረት ነው። ቤዙን ያስቀረው ስፕሪንግ ይህን አያስቀርም፤ ከራሱ ንዝረት ጋር ከገጠመ እንዲያውም ያባብሰዋል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሡት ነውጦች እስከ አዲስ አበባ ተሰምተዋል።

ስለዚህ በካራቆሬም ሆነ በሸዋሮቢት ስፒከሩን ላስቲክ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ረጅሙን መቆሚያ ይተው። ዝቅ ያለና መሠረቱ ሰፊ የሆነ መቀመጫ ይምረጥ። መደርደሪያ ላይ ያለውን ስፒከር ከግድግዳው ጋር በጠፍር ይሰር፤ ጠፍሩ ግን ጥቂት ላላ ይበል፤ ከተወጠረ ንዝረቱን ወደ ግድግዳው ይወስደዋል። ሕፃናት ከሚተኙበት አልጋ በላይ ግን ምንም ዓይነት ስፒከር አይቀመጥ።