የኮንደንሰሩ ትምህርት

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ሲለዋወጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል የሚለውን፣ ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ሕግ፣ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ተማሪዎቼ ቀመሩን ይይዛሉ፣ ጥያቄውን ይሠራሉ፣ ያልፋሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ያለፍኩት እንደዚያው ነው። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ጠያቂው እኔ ስለሆንኩ የሚያጋልጠኝ አልነበረም።

ያጋለጠችኝ ቮልስ መኪናዬ ናት። ይህች ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ምርቷ እስኪቆም ድረስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው፣ ሞተሯ ከኋላ ያለ አሮጌ መኪና፣ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ዛሬም አልፎ አልፎ ትታያለች። የእኔዋ ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን ትርገበገብና መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ጥቂት ቆይታ ስትበርድ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሐኪም አያጣም። አንዱ ቤንዚን ነው ይላል፣ ሌላው ካንዴላ ቀይር። ምክሩ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ በትክክል ያልተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ካንዴላዎቹን አጸዳሁ። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ የሄድኩባቸው የጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሸምገል ያሉ ናቸው። የዕቃ ሳጥናቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ «ያጣችው ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ሞተሩ ሞቆ እስኪጠፋ አብረን ጠበቅን። ከዚያ አንዱን ካንዴላ ፈትተው ከገመዱ ጋር አያያዙና ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክተው «ቁልፍ ስጥ» አሉ። ሞተሪኖው ሲያሽከረክር ካንዴላው ጫፍ ላይ ቀጭን፣ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ጤነኛው ሰማያዊ ሆኖ ጠጠጥ የሚል ነው። «እሳት አላት፣ ግን አቅም የለውም» አሉ።

ቀጥሎ ያወጡት መሣሪያ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምፖል ነበር። አንዱን ሽቦ ከኮይሉ (ከጥቅል ሽቦው) ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው በኩል፣ ሌላውን ባዶ ብረት ላይ አደረጉና እንደገና ቁልፍ አሰጡኝ። አምፖሉ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አለ። «በቃ» አሉ፤ «ባትሪው፣ ቁልፉ፣ ኮንታክቱ ነጻ ወጡ።» ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹን በአንድ አምፖል አሰናበቱ። እኔ የምፈልገው ጥፋተኛውን ነበር፤ እሳቸው የሚፈልጉት ግን ንጹሑን ነው። ይህን ልዩነት በዚያን ሰዓት አላስተዋልኩትም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሱ። ቁልፉ እንደተከፈተ፣ ተገጣጥመው የቆሙትን ሁለት የኮንታክት ጫፎች በካቻቢቴ ፈልቀቅ አደረጓቸው። በመካከላቸው ወፍራም ሰማያዊ እሳት ፈነጠቀ። «አየኸው? እሳቱ እዚህ እየተበላ ነው። ኮንደንሰሩ ሞቷል።»

«ጋሼ፣ እሳቱ የሚመጣው ጫፎቹ ሲገናኙ አይደለም እንዴ?»

«ሲገናኙማ ኮይሉ ይሞላል። እሳቱ የሚመጣው ሲለያዩ ነው እንጂ፣ ቲቸር።»

ያቺ «ቲቸር» ጆሮዬ ላይ ቀረች። ያሉት እኮ የራሴ ሰሌዳ ላይ ያለው ነው። ኮንታክቱ ሲገጥም በኮይሉ ቀዳሚ ሽቦ ውስጥ ወደ 4 አምፒር የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ መግነጢስ ይገነባል። ሲላቀቅ ያ መግነጢስ በቅጽበት ይፈርሳል፤ ቀዳሚው ላይ ቮልቴጁ ከ12 ወደ መቶዎች ይዘላል፣ መቶ እጥፍ ያህል ዙር ባለው በሁለተኛው ሽቦ ላይ ደግሞ ከ15,000 ቮልት በላይ ይሆናል። በ3,000 ዙር በደቂቃ ይህ ሁሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይፈጸማል። ዋናው ነገር የኤሌክትሪኩ ብዛት ሳይሆን የሚቋረጥበት ፍጥነት ነው። ኮንደንሰሩ ጫፎቹ ሲላቀቁ የሚገፋውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ቁርጥ እንዲል ያደርገዋል። እሱ ሲሞት ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን በእሳት እየተሻገረ ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ ጫፎቹን ያቃጥላል፣ ካንዴላው ግን ይራባል። የእኔው ሲሞቅ የሚሞት፣ ሲበርድ የሚነሳ ዓይነት ነበር። በቀመሩ ውስጥ ለውጡን ለጊዜ የምናካፍለው ዋናው ነገር ፍጥነቱ ስለሆነ ነው፤ እኔ ግን ለማርክ የምናካፍለው ያህል ነበር የማስተምረው።

ኮንደንሰሩንም የተቃጠለውን ኮንታክትም ቀየሩ፣ ክፍተቱን በስስ መለኪያ ብረት 0.4 ሚሊ ሜትር አደረጉት፣ ሂሳብ ከፈልኩ። አሮጌውን ኮንደንሰር ስጡኝ ስላቸው ሳቁ።

ክፍል ይዤው ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሲለያይ ነው» ብዬ ጻፍኩና ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ሳይገባኝ ሳስተምር መኖሬን ጭምር። ተማሪ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ በጣም ይወዳል። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ የወንድሜ ባጃጅስ? ኮንታክት የለውም፣ ሲዲአይ ነው።»

ድሮ ቢሆን «ያው ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ጋራዥ ተመልሼ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እሱን ልጆቹን ጠይቅ» ብለው ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ የሚሠሩትን ጎረምሶች አሳዩኝ። ከተማሪዎቼ ብዙም የማይበልጥ ልጅ፣ እጁ በግሪስ እንደተለወሰ አስረዳኝ፦ ሲዲአዩ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር አስቀድሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያጠራቅማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኮይሉ ላይ በአንዴ ይዘረግፈዋል። እዚያ እሳቱ የሚመጣው መንገዱ ሲከፈትለት፣ ኤሌክትሪኩ ሲገባ ነው።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሜ ጻፍኩና ፊት ለፊቱ «ለቮልስ» የሚል ጨመርኩበት።