ስለ አንዲት ቀጭን ዘንግ

አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው አስቀድሞ የሚከሰው በቅርብ ያገኘውን እጅ ነው። በቨርጂኒያ የሚኖረው የልጅ ልጄ በራዲዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና አለችው። ፓን ካር ይሏታል፤ ከእውነተኛው መኪና 12 ጊዜ ያነሰች፣ ወለሏ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ጎማዋ ስፖንጅ፣ መሮጫዋም በአዳራሽ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። ይህች መኪና የምንጣፉ መጋጠሚያ ላይ በደረሰች ቁጥር ወደ ጎን ትሸሽ ነበር። ጓደኞቹ «እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሉት፤ እርሱም አምኖ ሊሸጣት ቆርጦ ነበር።

የ14 ዓመት ልጅ ስለ ገዛ እጁ የሚያምነው ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን ሰነፍ ተብሎ ከኋላ የተቀመጠ፣ በመጨረሻ ግን ጥቁር ሰሌዳው እንደማይታየው የታወቀ ተማሪ አይቻለሁ። ስለዚህ «ከመሸጥህ በፊት ማስመሪያ አምጣ» አልሁት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማው አጭር የብረት ምሰሶ ይዞ፣ ሞላው እንደፈቀደለት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎማውን የምታዞረው ግን ሰርቮ ከሚባለው የመሪ ሞተር የምትመጣ ቀጭን ዘንግ ናት፤ እርሷም አንድ ጫፏ ስለተያዘ በክብ መስመር ትወዛወዛለች። አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ዞሮ ሲሄድ መስማማት የለም። ዘንጓ ጎማውን ትስበዋለች፤ መሪውን ማንም ሳይነካው መኪናዋ ትታጠፋለች። ይህን ባምፕ ስቲር ይሉታል።

«ፒታጎራስ ምን ያደርግልናል?» እያሉ ያደከሙኝ ተማሪዎች በዚያን ቀን አጠገቤ በነበሩ! የዘንጓ ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከምሰሶው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርታ ብትቀመጥ፣ ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ሲነሣ የምትስበው 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የልጁ ግን በጎማው በኩል 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ ነበርና 0.14 ትስባለች። በጎማው ላይ ያለው ክንድ 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ ግማሽ ዲግሪ ያህል ማጠፍ ነው።

ሞላውን አወጣን። 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከጎማው ጋር አስረን፣ ጎማውን በጣት 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ስናደርገው የማስመሪያው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሄደ። ልጁ ደጋግሞ አየው። መቈጣጠሪያው ከጠረጴዛው ማዶ ነበር፤ እጁ በነገሩ ውስጥ አልነበረችም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በጎማው በኩል ከዘንጓ መያዣ ሥር የ2 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ አወጣን፤ በሰርቮው በኩል የ3 ሚሊ ሜትር ጨመርን። ምሰሶው ዘመም ያለ እንደሆነ ዘንጓ የምትለካው ከእርሱ ጋር ነው እንጂ ከወለሉ ጋር አይደለም፤ የግራና የቀኝ ዘንጎችም እኩል መሆን አለባቸው። ረዘም ያለች ዘንግ የተሻለች ናት፤ ሆኖም ጉድለቱን ፈጽሞ የሚያጠፋ የለም።

ማስመሪያውን መልሰን ብናስረው ጫፉ ለዓይን የሚታይ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ወደ ግራው ጎማ እጄን ስዘረጋ ልጁ «አባባ፣ እንዳይነኩት» አለኝና ካቻቪቴውን ከእጄ ወስዶ ብቻውን ሠራው።